32 ሳንቲም የጎደለባቸው ሴቶች



የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ድራማ ክፍል በዚህ ዓመት ያቀረበው ሐሳብ ጥቂት አወዛግቦናል። ልጆቹ እንደ ወትሮው የጠፋውን ልጅ ወይም የገናን ታሪክ ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከፖላንድ ተሰደው በአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ሠሩ ሴቶች አጭር ድራማ እንሥራ አሉ። የምንኖረው በማሳቹሴትስ ነው። ልጆቹ ታሪኩን በትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ቦታውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ግን ተነሥተው፣ “ልጆቼ፣ ሴቶቹ የእኛ ወገን አይደሉም። እምነታቸው ካቶሊክ ነው፤ ታሪኩም የአድማ ታሪክ ነው። መድረኩ የጌታ ነውና ወንጌል ይሰበክበት” አሉ።

ሽማግሌያችን ያነሡት ነገር ተራ አይደለም፤ በንቀት አናልፈውም። እኛ ግን ድራማው ይሠራ ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንን እዚህ መጻፍ የፈለግነው ጉዳዩ የእኛ አጥቢያ ብቻ ስላልመሰለን ነው።

አስቀድመን ታሪኩን እንናገር።

ሎረንስ ከቦስተን በስተ ሰሜን፣ በሜሪማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የፋብሪካ ከተማ ናት። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዓለም ካሉ ትልልቅ የሱፍና የጥጥ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በዚያ ነበሩ። በእነርሱም ውስጥ ጣልያናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ሊቱዌንያውያን፣ ሶርያውያን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያንና ሌሎችም ብዙዎች ይሠሩ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የሠራተኛ አማካይ ደመወዝ በሳምንት ከ9 ዶላር በታች ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

በ1912 መጀመሪያ በማሳቹሴትስ አንድ በጎ የሚመስል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሴቶችና ልጆች በሳምንት የሚሠሩት ሰዓት ከ56 ወደ 54 ይቀነስ የሚል። የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ሰዓቱን ቀነሱ፤ ደመወዙንም አብረው ቀነሱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1912፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ ኤቨረት በሚባለው የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ፖላንዳውያን ሴቶች ሸማኔዎች የደመወዝ ፖስታቸውን ከፍተው ሲቆጥሩ 32 ሳንቲም ያህል ጎድሎ አገኙ። 32 ሳንቲም በዚያ ጊዜ የጥቂት ዳቦ ዋጋ ነው። ለባለቤቱ ምንም አይደለም፤ ለልጆቿ ዳቦ ለምትቆጥር እናት ግን የሁለትና የሦስት ቀን እራት ነው። ሴቶቹ ማሽኖቻቸውን አቁመው ደመወዛችን ጎድሏል እያሉ ወደ ውጭ ወጡ።

በማግስቱ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተከተሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ሥራ አቆመ። ብዙዎች እነዚህ ሰዎች በቋንቋ ስለማይግባቡ አብረው ሊቆሙ አይችሉም ብለው ነበር፤ እነርሱ ግን ለየቋንቋው አስተርጓሚ እያቆሙ በክረምቱ ብርድ ከሁለት ወር በላይ ጸኑ። የታጠቁ ወታደሮች ወደ ከተማዋ ገቡ። ጃንዋሪ 29 አና ሎፒዞ የተባለች ጣልያናዊት ሠራተኛ በጥይት ተመታ ሞተች። ወላጆች ልጆቻቸው እንዳይራቡ ወደ ኒው ዮርክ ወዳሉ ቤተሰቦች ላኩ። ልጆቹን ያጀበች ነርስ ኋላ በዋሽንግተን በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርባ ከ119 ልጆች መካከል የውስጥ ልብስ የለበሱት 4 ብቻ እንደ ነበሩ መሰከረች። ወላጆቻቸው የሚሠሩት ሱፍ መሆኑን ልብ በሉ። ለአሜሪካ ሕዝብ ካፖርት የሚሆነውን ጨርቅ የሚሸምኑ ሰዎች ልጆች በክረምት ራቁታቸውን ያህል ነበሩ። ፌብሩዋሪ 24 ሌሎች ልጆች ሊሳፈሩ ሲሉ ፖሊስ በባቡር ጣቢያው እናቶቹን ደበደበ፤ አገሩም ሁሉ ይህን ሰምቶ ደነገጠ። በማርች ወር አሠሪዎቹ ደመወዝ ለመጨመር ተስማሙ፤ ትልቁ ጭማሪም ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚያገኙት ሆነ።

ታዲያ ያን ቀን በመጀመሪያ ማሽን ያቆሙት ሴቶች እነማን ናቸው? መጻሕፍቱን ብታገላብጡ “ፖላንዳውያን ሴቶች ሸማኔዎች” የሚል ታገኛላችሁ፤ ከዚያም ታሪኩ ከሌላ ቦታ መጥተው ወደ መሩት ሰዎች ያልፋል። የጆሴፍ ኤቶር፣ የቢል ሄይውድ፣ የኤልሳቤጥ ጉርሊ ፍሊን ስም በየገጹ አለ። በሩን የከፈቱት ግን በብዙ ቁጥር ብቻ ይጠራሉ፤ እነርሱ፣ ሴቶቹ፣ ሸማኔዎቹ።

የተረሱት ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሴቶች ከአገራቸው ሲወጡ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ከ1795 እስከ 1918 ድረስ ሩስያ፣ ፕሩስያና ኦስትርያ ተከፋፍለዋት ነበር። ስለዚህ ከመርከብ ሲወርዱ አንዷ ሩስያዊት፣ ሌላዋ ኦስትርያዊት፣ ሦስተኛዋ ጀርመናዊት ተብላ ትመዘገብ ነበር። በራሳቸው ቋንቋ ይጸልያሉ፤ በመዝገብ ላይ ግን የገዢዎቻቸው ዜጋ ናቸው። የእኛም እህቶች ወደ አረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ ፓስፖርት ላይ የሌላ ሰው ስም፣ አንዳንዴም የሌላ ሃይማኖት ስም ይዘው እንደ ሄዱ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሥራ የቆመበት ያ ጊዜ ዛሬ የሚታወቅበት “ዳቦና ጽጌረዳ” የሚለው ስም እንኳ ከሴቶቹ አፍ የወጣ አይደለም። ስሙ በዲሴምበር 1911፣ ማለትም ሥራው ከመቆሙ በፊት፣ በመጽሔት ከታተመ ግጥም የመጣ ነው። ውብ ስም ነው፤ አንነቅፈውም። ግን ሰው የሰጣቸው ስም ነው።

አሁን ወደሚያመን ነገር እንመጣለን። ይህን ታሪክ ለማስረሳት የእግዚአብሔር ስም ጥቅም ላይ ውሏል።

በዚያው ዓመት በመጸው በተደረገ አንድ ሰልፍ ላይ አንዳንዶች አምላክም ጌታም የለም የሚል ትርጉም ያለው ባነር ይዘው ወጡ። የከተማዋ ሰዎች ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነበር። መልሱ ግን ኦክቶበር 12 በአንድ ቄስ መሪነት የተደረገ “ለእግዚአብሔርና ለአገር” የተባለ ታላቅ ሰልፍ ሆነ። ብዙ ሺህ ሰው ባንዲራ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሎረንስ ስለዚያ ክረምት ማውራት የከሐዲነት ምልክት ሆነ። እናቶች ለልጆቻቸው አልነገሩም። ልጆችም አልጠየቁም።

ይህ ዝምታ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ የካሜላ ቴኦሊ ታሪክ ያሳያል። እርሷ ጣልያናዊት ናት እንጂ ፖላንዳዊት አይደለችም፤ ግን የአንድ ፋብሪካ ከተማ ልጅ ናት። ገና በልጅነቷ ፋብሪካ ገብታ ማሽኑ ጸጉሯን ይዞ የራስ ቆዳዋን ገሸለጠው፤ ወራት ሆስፒታል ተኛች። በ1912 የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ዋሽንግተን ሄዳ በሕግ አውጪዎች ፊት ተናገረች፤ የፕሬዚዳንቱ ሚስትም በዚያ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ጋዜጦች ሁሉ ጻፉት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፖል ካዋን የሚባል ጋዜጠኛ ወደ ሎረንስ ሄዶ የካሜላን ልጅ አገኘ። ልጅቱ በእናቷ እርጅና ጊዜ ጸጉሯን እያበጠረች ጠባሳው እንዳይታይ አድርጋ ትጠቀልልላት ነበር። ስለ ዋሽንግተን ግን አንዲት ቃል አልሰማችም። ጠባሳውን በየቀኑ በእጇ ትነካዋለች፤ ታሪኩን አታውቅም።

በአገር ፊት የተናገረች፣ ስሟ በመዝገብ የተጻፈ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣች ሴት ታሪክ በራሷ ቤት ውስጥ እንዲህ ከጠፋ፣ ስማቸው ከመጀመሪያው ያልተጻፈው የኤቨረት ሸማኔዎችማ እንዴት ይሆኑ?

እዚህ ላይ ነው ድራማው የሚያስፈልገው ብለን የምናምነው። መጽሐፍ ለመጻፍ ስም፣ ቀን፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ሐውልት ለማቆም ፊት ያስፈልጋል። በመድረክ ላይ ግን ስም የሌላት ሴት ልትቆም ትችላለች። አንዲት ልጅ ነጠላዋን አውልቃ ሽርጥ ታስራለች፤ ፖስታ ትከፍታለች፤ ሳንቲሞቹን ትቆጥራለች፤ ደግማ ትቆጥራለች። ተመልካቹ ስሟን ሳያውቅ ያውቃታል።

ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የመጣ ዘዴም አይደለም። እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ ባወጣ ጊዜ ታሪኩን አንብቡት ብቻ አላለም። በዳስ በዓል በየዓመቱ ከቤታቸው ወጥተው ሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጡ አዘዘ፤ አባቶቻቸው በዳስ እንደ ኖሩ የሚመጣው ትውልድ እንዲያውቅ (ዘሌዋውያን 23፥42-43)። ሕዝቅኤል ጡብ ወስዶ የኢየሩሳሌምን ከበባ በሕዝብ ፊት አሳየ፤ ኤርምያስ ቀንበር በአንገቱ አድርጎ ወጣ። ነቢያቱ ቃል ብቻውን ያልገባበትን ልብ በሥጋቸው አንኳኩ። በማቴዎስ 26 ላይ በጌታ ራስ ላይ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት ደግሞ አስቡ። ጌታ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ለመታሰቢያዋ እንደሚነገር ተናገረ፤ ማቴዎስ ግን ስሟን አልጻፈም። የንዕማን ሚስት አገልጋይ የነበረችው ያቺ የተማረከች ብላቴናም ስሟ አልተነገረንም። መታሰቢያ ስም ሳይኖርም ይቆማል፤ የሚናገር ሰው ግን መኖር አለበት።

ሽማግሌያችን “ወገናችን አይደሉም” ያሉትንም በጸሎት አስበንበታል። ዘዳግም 24፥14-15 ድሀውን ምንደኛ አትበድል ሲል ወንድምህ ቢሆን ወይም በአገርህ የተቀመጠ መጻተኛ ቢሆን ብሎ ለይቶ ይጨምራል፤ ደመወዙም ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠው ይላል። ሙሴ እምነቱን ጠይቁት አላለም። ያዕቆብም በ5፥4 ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ሲጽፍ የአጫጆቹን ቤተ ክርስቲያን አልጠየቀም። በትምህርት ከካቶሊክ እንለያያለን፤ ልዩነቱም ለእኛ ቀላል አይደለም። 32 ሳንቲም ግን ከካቶሊክ ቢጎድልም ጎድሏል።

ስለ አድማው ደግሞ አንድ የቲያትር ሥራ ብዙ አስተምሮናል። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጌርሃርት ሃውፕትማን በ1892 “ሸማኔዎቹ” የሚል ተውኔት አሳተመ። ታሪኩ በ1844 በሲሌዥያ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ባለው ምድር፣ የተራቡ ሸማኔዎች ስላነሡት ዐመፅ ነው። የሃውፕትማን አያት ራሳቸው በልጅነታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ጸሐፊው ስለዚያ ኑሮ ከአባቱ ይሰማ ነበር። የበርሊን ፖሊስ ተውኔቱን ከለከለው። በኋላ ግን ሃውፕትማን የኖቤልን ሽልማት አገኘ፤ ያውም ሎረንስ ሥራ ባቆመችበት በዚያው በ1912። ተውኔቱ አንድ ጀግና የለውም፤ ጀግናው ሕዝቡ ነው።

በመጨረሻው ክፍል ሂልዘ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ አሉ። የሚጸልዩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ በሌላው ዓለም ፍርድ እንዳለ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ሲዘርፍ አልተባበሩም። እግዚአብሔር ያስቀመጠኝ እዚህ ነው ብለው በመስኮቱ አጠገብ ሽመናቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ከውጭ የመጣ ጥይት እዚያው እንደ ተቀመጡ ገደላቸው።

እኛ ወንጌላውያን በዚያ ሽማግሌ ውስጥ ራሳችንን ማየት የማንወድድ ከሆነ ሐቀኞች አይደለንም። ሃውፕትማን አላፌዘባቸውም፤ እኛም አናፌዝም። ዘረፋን እምቢ ማለታቸው ትክክል ነበር። በሎረንስም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስኮት የሰበሩ፣ የማሽን ቀበቶ የቆረጡ ነበሩ፤ ልጆቻችን ይህንን ከድራማው እንዳያወጡት ነግረናቸዋል። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረናል። ደመወዝ ለጎደለበት ሰው ትዕግሥትን ስንሰብክ ብዙ ዘመን ሆነን፤ ደመወዝ ላጎደለው ሰው ያዕቆብ 5ን የሰበክንበት እሑድ ግን ስንት ነው? ሂልዘ የታገሡት እግዚአብሔርን አምነው ነው። እኛ እንዲታገሡ የምንነግራቸው አንዳንዴ እግዚአብሔርን አምነን ሳይሆን ነገሩ እንዳይረብሸን ነው።

ቲያትርንም ከመጠን በላይ አናወድስ። በሎረንስ ማግስት፣ በ1913፣ በኒው ጀርሲ ፓተርሰን የሐር ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጁን 7 ቀን ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ገብተው የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው ተጫወቱት፤ ጋዜጠኛው ጆን ሪድ ነበር ያዘጋጀው። ከኋላቸው የፋብሪካው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ፣ የወደቀ ወገናቸውን ቀብር በመድረክ ላይ ደገሙት፤ ልጆቻቸውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ አሳዩ። አዳራሹ ሞልቶ አለቀሰ፤ አጨበጨበም። ገንዘቡ ሲቆጠር ግን ትርፍ የለውም፤ ኪሳራ ነው። በዚያው በጋ ሠራተኞቹ ተሸንፈው ወደ ሥራ ተመለሱ። ጭብጨባ ዳቦ አይሆንም። አልቅሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ታዳሚ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት መርሳት ነው። ልጆቻችን እነዚህን ሴቶች ቅዱሳት አድርገው በነጭ ልብስና በቀስታ መዝሙር ቢያቀርቧቸው፣ ሰው ሁሉ እንባውን ጠርጎ ለሻይ ቢወርድ፣ ባይሠሩት ይሻል ነበር።

ይህንን ስንጽፍ በእኛ ላይ የደረሰ ሳይሆን እኛ ያደረስነው አንድ ነገር ትዝ ይለናል፤ እርሱን ሳንናገር ብንጨርስ ግብዞች እንሆናለን።

በአጥቢያችን በምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ጥቂት ዓመት ይሆነዋል፤ ዓርብ የአዳር ጸሎት ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ጸሎቱን ስንመራ የነበርነው እኛ ነን። ስለ ጌቴሴማኒና ስለ ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ማስተማር ጀመርን፤ ዓይናችን ግን ወደ እርሷ ነበር፤ የሰው ሁሉ ዓይንም ተከተለን። አጠገቧ ያለችው ነቀነቀቻት። ነቅታ አንገቷን ደፋች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ዓርብ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመጣችም። ለአራት ተከታታይ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት እየቆመች ሠርታ ያን ምሽት ብቻ እረፍት እንደ ነበራት፣ እርሱንም ለጌታ እንደ ሰጠችው የሰማነው ከብዙ ወራት በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ነው። በዚያ ክፍል ላይ ጌታ ለተኙት ወዳጆቹ ስለ ሥጋ ድካም የተናገረውን በርኅራኄ የተሞላ ቃል ያን ሌሊት አላነበብነውም ነበር፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ላይ ቆመን ነበር። ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ቡና አፈላችልንና፣ “ምን ታደርጉ፣ አላወቃችሁም” አለችን። ቃሉ የይቅርታ ቃል ነው፤ እኛን ግን ወቀሳ ሆኖ ነው የገባን። አላወቅንማ። ጠይቀናት አናውቅም። አስራቷን ስንቀበል ከስንት ሰዓት ቁመት እንደ መጣ ጠይቀን አናውቅም።

ስለ ሎረንስ ሴቶች የምንከራከረው ለዚህ ነው። በ1912 የነበሩት ቀሳውስት ክፉ ሰዎች ነበሩ ብለን አናምንም። ብዙዎቹ ለመንጋቸው የሚጨነቁ ነበሩ፤ አምላክ የለም የሚለው ባነር በእውነት አስፈርቷቸዋል። ነገር ግን ባነሩን ሲያዩ ከባነሩ በፊት የተከፈተውን የደመወዝ ፖስታ ማየት ተሳናቸው። እኛም የሚያንቀላፋውን ራስ አየን፤ ሌሊቱን አላየንም። ከኋላ ወንበር ያሉት እህቶቻችን ስለ ራሳቸው ሊናገሩ ያፍራሉ፤ ስለ ፖላንዳውያኑ ሴቶች የሚሠራ ድራማ ግን ማንንም ሳያሳፍር በመካከላችን ሊቆም ይችላል። ናታን ለዳዊት ስለ አንድ ድሀ ሰው በግ ነበር የነገረው።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ገና አልወሰነም። ልጆቹ ግን ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ በታችኛው አዳራሽ መለማመድ ጀመሩ፤ ያቺን እህታችንንም እንድታይላቸው ለመኗት። ወንበሮችን እንደ ሽመና ማሽን ደርድረው፣ ሴቶቹን የሚጫወቱት አራት ልጆች እየሠሩ ስለ ድህነታቸው፣ ስለ አገራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው እየተቀባበሉ ይናገራሉ። ንግግሩን የጻፈው ከእኛ አንዱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ኮርተንበት ነበር።

እህታችን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። ከዚያ አንዷ ልጅ፣ “እትዬ፣ እንዴት ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

“ጥሩ ነው” አለች። ቆየት ብላ፣ “ግን ማሽን ላይ ሆኖ እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም። አይሰማማም። ከንፈር እያየሽ ነው የምትግባቢው። ደግሞ አንቺ ስታወሪ እጅሽ ቆመ። ማሽኑ አይጠብቅሽም እኮ።”

ተነሥታ ወደ ወንበሮቹ ሄደች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ታነሣለች፣ ታዞራለች፣ ታስቀምጣለች፤ ደግሞ ታነሣለች፣ ታዞራለች፣ ታስቀምጣለች። ፊቷ ወደ እኛ አይደለም። አራቱ ልጆች ከጎኗ ቆመው እጆቿን እያዩ መከተል ጀመሩ። እኛ የጻፍነውን ንግግር የያዘው ወረቀት ወንበር ላይ ቀረ።